የግላኮማ ሌዘር (ኤስ ኤል ቲ)፦ ለማን ይላካል? ጠብታውስ መቼ ይቆማል?

ኦፕቶ ወሎ፦

ጤና ይስጥልኝ ለቤቱ። ወደምንልክበት ሪፈራል ሆስፒታል የዓይን ግፊት የሚቀንስ የኤስ ኤል ቲ ሌዘር ማሽን ስለገባ የግላኮማ (የዓይን ነርቭን የሚጎዳ በሽታ) ታካሚ መላክ ትችላላችሁ ተብለናል። መመሪያ ግን አብሮ አልመጣም። ለማን እንደሚጠቅም፣ ሪፈር ወረቀቱ ላይ ምን መጻፍ እንዳለብን፣ ታካሚው ሲመለስም በስንተኛው ሳምንት እንደምንለካ የምታውቁ ብታስረዱን። እኛ ጋ ስሊት ላምፕ (የዓይን ማጉያ መሣሪያ)፣ ጎልድማን ቶኖሜትር (የግፊት መለኪያ) እና ባለ 90 ሌንስ (የዓይን ነርቭ ማያ) አለ። ጎኒዮ ሌንስ (ፈሳሽ ከዓይን የሚወጣበትን ማዕዘን ማያ) እና የእይታ ሜዳ መመርመሪያ ማሽን የለም።

ነገሩ በደፈናው እንዳይሆን ሦስት ዓይነት ታካሚ ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ የ58 ዓመት እናት። ግፊት ቀኝ 27፣ ግራ 25። ካፕ (የዓይን ነርቭ ራስ ላይ ያለው ጉድጓድ ስፋት፤ ወደ 1 ሲጠጋ ጉዳቱ ይበዛል) 0.6 እና 0.5። በቫን ሄሪክ (ማዕዘኑን በስሊት ላምፕ ብርሃን በመገመት) ሲታይ ማዕዘኑ ክፍት ይመስላል። ቲሞሎል 0.5 ፐርሰንት በቀን ሁለት ጊዜ ታዞላቸዋል፣ ሲያልቅባቸው ግን ሳይገዙ ሳምንታት ይቆያሉ። ክረምት ሲገባ ደረታቸውን ያፍናቸዋል፤ ሳልቡታሞል በአፍ ይስባሉ።

ሁለተኛ፣ የ66 ዓመት አባት። ሌንሳቸው ላይና የአይሪሱ ጠርዝ ላይ ነጭ ብናኝ አለ። በሦስት ዓይነት ጠብታ ላይ ሆነው የቀኝ ዓይናቸው ግፊት 38፣ ካፕ 0.9 ነው።

ሦስተኛ፣ የ19 ዓመት ወጣት። ለዓይን አለርጂ ዴክሳሜታዞን (ስቴሮይድ) ጠብታ ከፋርማሲ እየገዛ ለዓመታት ተጠቅሟል። ግፊቱ 30፣ ካፕ 0.7።

ሁሉም «ያበራልኛል ወይ?» እና «ከጠብታ እገላገላለሁ ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ።

ማዕዘን (የዓይን ሐኪም)፦

ከሌዘሩ በፊት የሚቀድም ነገር አለ። የመጀመሪያዋ እናት ቲሞሎል ዛሬውኑ ይቁም። ጠብታው በእንባ ቱቦ ወደ አፍንጫ ወርዶ ከዚያ ደም ውስጥ ይገባል፤ እንደ ክኒን መጀመሪያ በጉበት አያልፍም። አስም ላለበት ሰው ያቺ ጥቂት ጠብታ የሳንባ ቧንቧ ለማጥበብ ትበቃለች። የልብ ምቱ ዝግ ለሚል ሰውም እንደዚሁ አይሰጥም። እስከ ሌዘሩ ቀን ድረስ ማታ ማታ ላታኖፕሮስት ይተካላቸው።

አሁን ወደ ጥያቄው። ኤስ ኤል ቲ የሚሠራው ፈሳሹ ከዓይን በሚወጣበት ማጣሪያ (ትራቤኩላር ሜሽወርክ) ላይ ነው። ባለ 532 ናኖሜትር አረንጓዴ ብርሃን ለ3 ናኖሰከንድ ብቻ ይለቀቃል። ብርሃኑን የሚውጡት ቀለም ያላቸው ሴሎች ናቸው፤ ሙቀቱ ወደ ጎረቤት ቲሹ ለመሰራጨት ጊዜ ስለማያገኝ ቦታው አይቃጠልም። ከዚያ የሚመጣው የግፊት መቀነስ ሴሎቹ ለዚህ በሚሰጡት ምላሽ የሚገኝ ነው፤ ስለዚህ ሳምንታት ይፈጃል። የድሮው የአርገን ሌዘር 50 ማይክሮን በምታክል ነጥብ ለ0.1 ሰከንድ ያቃጥል ስለነበር ጠባሳ ይተዋል፣ ለመድገምም አይመችም። ኤስ ኤል ቲ ግን ሊደገም ይችላል።

የሚጠበቀው ቅናሽ በአብዛኛው ከ20 እስከ 30 ፐርሰንት ነው። ማን ይላክ ለሚለው ከዚህ የተሻለ መለኪያ የለም። በሦስቱ ላይ አስሉት። የ58 ዓመቷ እናት 27 ቢሆኑ ከሌዘር በኋላ ወደ 20 ገደማ ይወርዳሉ፤ ነርቫቸው ገና መካከለኛ ደረጃ ላይ ስለሆነ ይህ ትርጉም አለው፣ ቲሞሎልም አይሆናቸውም፣ ጠብታ ገዝቶ መቀጠልም እየከበዳቸው ነው። ለኤስ ኤል ቲ እንዲህ ያለ ታካሚ ነው የሚፈለገው። አባትየው ግን ከ38 ላይ 30 ፐርሰንት ቢቀነስላቸው 26 ወይም 27 ላይ ይቆማሉ። 0.9 ለሆነ ካፕ 26 ብዙ ነው፤ እዚያ ደረጃ ላይ የምንፈልገው ወደ 12 የተጠጋ ቁጥር ነው። እሳቸውን «ለሌዘር» ብላችሁ አትላኩ፣ «ለቀዶ ጥገና፣ በአስቸኳይ» ብላችሁ ላኩ። ሌዘር ተሠርቶ ውጤቱ ሁለት ወር ሲጠበቅ የቀረችው እይታ ልትሄድ ትችላለች።

ለወጣቱ የመጀመሪያው ሕክምና ዴክሳሜታዞኑን ማስቆም ነው። አለርጂው ከባድ ከሆነ በሐኪም ክትትል ስቴሮይድ ወደሌላቸው የአለርጂ ጠብታዎች (ኦሎፓታዲን ወይም ክሮሞግላይኬት) ይዛወር፣ ግፊቱ በጠብታ ይያዝ፣ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ይለካ። ስቴሮይዱ ሲቆም የብዙዎቹ ግፊት በሳምንታት ውስጥ ይወርዳል። አልወርድ ካለ ማዕዘኑ ታይቶ ያኔ ይወሰናል። እናትየውን ሌዘር ቶሎ እንዲያገኙ፣ ወጣቱን ደግሞ ፋርማሲው ያለ ማዘዣ እንዳይሸጥለት ማድረግ ነው የእናንተ ትልቁ ሥራ።

«ያበራልኛል ወይ?» ለሚለው መልሱ አያበራም ነው፤ የጠፋ ነርቭ አይመለስም። ይህ ከቀጠሮው በፊት በአማርኛ፣ ቤተሰብ ባለበት፣ በግልጽ ይነገር። ሳይነገራቸው የሄዱ ሰዎች በሳምንቱ «ሌዘሩ ዓይኔን አጠፋው» ብለው ነው የሚመለሱት።

ቫን ሄሪክ አይበቃም። የክፍት ማዕዘን ግምት እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ማዕዘኑ በጎኒዮስኮፒ ካልታየ ኤስ ኤል ቲ አይሠራም፤ ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «ጎኒዮ ያልተደረገለት» ብላችሁ ጻፉ፣ እዚያ ይደረግላቸዋል። የተዘጋ ማዕዘን ካላቸው የሚያስፈልጋቸው ሌላ ሌዘር ነው፦ አይሪስ ላይ በያግ ሌዘር ቀዳዳ መክፈት። ማዕዘኑ ላይ አዲስ የደም ሥር የበቀለበት ወይም ውስጡ የሚቆጣ ዓይን (ዩቪያይተስ) ለኤስ ኤል ቲ አይመከርም።

ሲስተር አረንጓዴ (ኦፍታልሚክ ነርስ)፦

ዶክተር ያሉት ላይ የቀኑን ሥራ ልጨምር፣ ታካሚውን የሚያረጋጋው ይህ ነውና።

ታካሚው በልቶ ጠጥቶ ይመጣል፤ መርፌም የለም፣ ማደርም የለም። ያለውን ጠብታ በዚያ ቀን ጠዋት እንደወትሮው ያደርጋል። ሲደርስ ግፊቱ ተለክቶ ሰዓቱ ጭምር ካርዱ ላይ ይጻፋል። ከሌዘሩ አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ብሪሞኒዲን ወይም አፕራክሎኒዲን አንድ ጠብታ ይደረግለታል፤ ይህ ከሌዘር በኋላ የሚመጣውን የግፊት ዝላይ ለመከላከል ነው። ከዚያ ማደንዘዣ ጠብታ (ቴትራካይን)፣ ዓይን ላይ በሚደገፈው የሌዘር ሌንስ ላይ ሚቲልሴሉሎስ ጄል፣ አገጭ መደገፊያው ላይ አገጭ፣ ግንባር ወደፊት ተጠግቶ። ቁመት ካልተስተካከለ ታካሚው በመሃል ወደኋላ ይሸሻል፤ ስለዚህ ወንበሩን ለማስተካከል የምታጠፉት ሁለት ደቂቃ አይቆጫችሁም።

አንድ ዓይን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ነው። ታካሚው አረንጓዴ ብልጭታ ያያል፣ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ አንዳንዱ እንደ መርፌ ጫፍ ነካ ያደርገኛል ይላል። ሲያልቅ ጄሉ በሳላይን ይታጠባል፣ ብሪሞኒዲን ይደገማል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ግፊት ይለካል። ይህን ልኬት ሳያደርግ ማንም ከግቢ አይውጣ። ጄሉና ብርሃኑ እይታውን ለጥቂት ሰዓት ስለሚያደበዝዙት በዚያ ቀን መኪና አይነዳም፤ ከሩቅ ለሚመጣ ሰው አስታማሚ ቢኖር ይመረጣል።

ቀላል መቅላት፣ ብርሃን መፍራትና መቆርቆር እስከ ሦስት ቀን ይጠበቃል። ከባድ ሕመም፣ ከማስታወክ ጋር የሆነ ራስ ምታት ወይም እይታ ጭልም ማለት ግን ሌሊትም ቢሆን የሚያስመልስ ነው።

ጠበል የሚገቡ ታካሚዎች ሁልጊዜ ይጠይቃሉ። ኤስ ኤል ቲ ቁስል ስለማይተው ፊትን መታጠብ ችግር የለውም። የሚጎዳው ጠበል ቦታ ሲቀመጡ ጠብታውን ማቆማቸው ነው፤ «ጠብታውን ይዘው ይሂዱ፣ አብሮ ይሄዳል» በሏቸው። ትራብ (ለፈሳሹ አዲስ መውጫ የሚከፍት ቀዶ ጥገና) የተሠራለት ሰው ግን ሌላ ነው፣ የተከፈተው ቦታ ላይ ያልጸዳ ውኃ እንዳይገባ መጠንቀቅ አለበት።

የሌዘሩን ሌንስ አልኮል አታስነኩት፣ ሽፋኑን ይበላዋል። በሳሙናና በውኃ ታጥቦ፣ በረኪና አንድ እጅ ለዘጠኝ እጅ ውኃ ተበጥብጦ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይነከርና በብዙ ንጹሕ ውኃ ይለቅለቃል። የበረኪና ቅሪት ኮርኒያ (የዓይን ፊተኛው ግልጽ ሽፋን) ላይ ቢደርስ የሚቀጥለው ታካሚ ማታ በሕመም ነው የሚያድረው።

ነጭ መስመር (የግላኮማ ሐኪም)፦

ከላይ በተባለው በአብዛኛው እስማማለሁ፣ በሁለት ቦታ ግን የተለየ አሳብ አለኝ። መጀመሪያ ኤስ ኤል ቲ የሚበላሸው የት እንደሆነ ልጻፍ። ማሽኑ ላይ ለሚቀመጡት ነው እንጂ ለሪፈር አይደለም፤ ግን ላኪውም ቢያውቀው «አልሠራም» ተብሎ የተመለሰ ታካሚ ለምን አልሠራም ብሎ ይጠይቃል።

አንደኛው ስህተት የተመታው ቦታ ማጣሪያው አለመሆኑ ነው። ማዕዘኑን ከታች ወደ ላይ ስታዩት አይሪስ፣ የሲሊያሪ ቦዲ ጥቁር ግራጫ ቀበቶ፣ ነጩ መስመር (ስክሌራል ስፐር)፣ ከዚያ ቀለም ያለው ማጣሪያ፣ በመጨረሻ ሽዋልቤ መስመር (ኮርኒያ የሚያልቅበት) ነው። ነጩን መስመር ያላገኘ ሰው ጥቁር ያየውን ሁሉ ይመታል። በተለይ ነጭ ብናኝ ባላቸው ዓይኖች፣ እኛ አገር ደግሞ ብዙ ናቸው፣ ቀለሙ ከሽዋልቤ መስመር በላይ እየተንጠባጠበ ሌላ ጥቁር መስመር ይሠራል፤ ሳምፓኦሌሲ ይባላል። ያንን ማጣሪያ ነው ብሎ መቶ ጊዜ የተኮሰ ሐኪም ኮርኒያ ነው የመታው። ጥርጣሬ ሲኖር ቀጭን የብርሃን ስንጥቅ ከጎን አስገቡ፤ የኮርኒያ ፊትና ጀርባ ላይ ያሉት ሁለቱ የብርሃን መስመሮች የሚገናኙበት ነጥብ ሽዋልቤ ነው፣ ማጣሪያው ከእሱ በታች ነው።

ሁለተኛው ጉልበት ነው። የነጥቡ ስፋት በማሽኑ 400 ማይክሮን ተወስኗል፣ ማጣሪያውን ከዳር እዳር ይሸፍናል፤ እኛ የምናስተካክለው ሚሊጁሉን ብቻ ነው። ከ0.8 ጀምሩ፣ ጥቁር ቀለም የበዛበት ማዕዘን ከሆነ ከ0.4። በ0.1 እየጨመራችሁ አምቦ ውኃ ብርጭቆ ላይ እንደሚነሳው ያለ ጥቃቅን አረፋ ሲታይ ቁሙ። ከተኮሳችሁት ግማሹ ላይ አረፋ ከታየ በቂ ነው፤ በእያንዳንዱ ላይ ትልልቅ አረፋ ከፈነዳ 0.1 ቀንሱ። የታችኛው ማዕዘን ሁልጊዜ ቀለሙ የበዛ ነው፤ መስታወቱ በ12 ሰዓት አቅጣጫ ሲሆን የምታዩት እሱን ነው። እዚያ የተለካ ጉልበት ወደ ላይኛው ማዕዘን ሲዞሩ ሊያንስ ስለሚችል በየሩቡ እንደገና ለኩ። 100 ተኩስ፣ በሩብ 25፣ ጎን ለጎን እንጂ ተደራራቢ ሳይሆን።

ሦስተኛው ማሽኑ ነው። ያግና ኤስ ኤል ቲ በአንድ ላይ ያለው ማሽን ከሆነ ከመተኮስ በፊት የትኛው ሞድ ላይ እንዳለ ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ይኑር። መብራት የሚቆራረጥበት ቦታ ስታብላይዘርና ዩፒኤስ ካልተገጠመ ጉልበቱ ይዋዥቃል። ክፍሉ ውስጥ ያለ ረዳትም ለ532 ናኖሜትር የተሠራ መነጽር ያድርግ።

አሁን የምለይበት። አንደኛ፣ 360 ዲግሪውን ሁለት ዓይን በአንድ ቀን መሥራት ከሩቅ ለመጣ ታካሚ ትክክል ነው እላለሁ፣ የትራንስፖርቱን ወጪ አስቡት። ቀለም የበዛበት ማዕዘንና ካፑ 0.9 የደረሰ ዓይን ላይ ግን አላደርገውም። የግፊት ዝላይ የሚመጣው በእነዚህ ላይ ነው፤ ለጤነኛ ነርቭ 10 ቁጥር ለአንድ ቀን መጨመር ያልፋል፣ ጫፍ ላይ ላለ ነርቭ ግን አያልፍም። 180 ዲግሪ፣ 50 ተኩስ፣ አንድ ዓይን፣ ቀሪው በሌላ ቀን። ከሌዘሩ አንድ ሰዓት በኋላ ሲለካ ግፊቱ ካሻቀበ ጠብታ ተጨምሮ ዳያሞክስ (ግፊት የሚቀንስ መድኃኒት) 500 ሚሊግራም ይሰጣል፤ የሰልፋ አለርጂና የኩላሊት ችግር መኖሩ ተጠይቆ ነው።

ሁለተኛ፣ ነጭ ብናኝ ያለባቸውን ዓይኖች ከሌዘር አታስወጧቸው። መጀመሪያ ላይ እንዲያውም በጣም ይወርድላቸዋል። ችግራቸው በኋላ በድንገት መመለሱ ነው፤ ስለዚህ ክትትላቸው በስድስት ወር ሳይሆን በየሦስት ወሩ ይሁን።

ኦፕቶ ወሎ፦

እግዜር ይስጥልን። ሁለት ነገር ቀረኝ። በጥናት የታየው ውጤት ለእኛ ታካሚዎች ይሠራል ወይ? ጠብታውስ የሚቆመው እንዴት ነው? አንዳንዱ ሌዘር ከተሠራለት ቀን ጀምሮ ትቶት ነው የሚመጣው።

ማዕዘን፦

ብዙ የሚጠቀሰው በእንግሊዝ አገር የተሠራው ላይት የተባለ ጥናት ነው። 718 አዳዲስ ታካሚዎች፣ ግማሹ በሌዘር ግማሹ በጠብታ ጀመሩ፣ ውጤቱ በ2019 ወጣ። በሌዘር ከጀመሩት 74 ፐርሰንት በሦስት ዓመት ያለ ጠብታ የታለመላቸው ግፊት ላይ ነበሩ፤ በስድስት ዓመት ወደ 70 ፐርሰንት። ግን አብዛኞቹ ቀላል ደረጃ ላይ የነበሩ ናቸው። ለእኛ የሚቀርበው በ2021 የወጣው የታንዛኒያው ነው፣ ኪሊማንጃሮ ሥር ሞሺ ላይ በኤስ ኤል ቲና በቲሞሎል መካከል የተደረገው። በአንድ ዓመት ከሌዘር ዓይኖች 61 ፐርሰንት፣ ከቲሞሎል 31 ፐርሰንት ተሳክቶላቸዋል፤ ሌዘሩን መድገም ተፈቅዶ ነበር። ይህ ማለት ደግሞ ከሌዘሩም አሥር ዓይን ውስጥ አራቱ ገደማ አልሆነላቸውም። ለታካሚው ይህንኑ ንገሩት።

ጠብታው በሌዘሩ ቀን አይቆምም። የሌዘሩ ሙሉ ውጤት ሳይታይ መፍረድ ስለማይቻል ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይጠበቃል፤ በሁለተኛው ሳምንት ለክቶ «አልሠራም» ማለት የተለመደ ችኮላ ነው። በስምንተኛው ሳምንት ግፊቱ የታለመው ላይ ከሆነ አንድ ጠብታ ይቀነሳል፣ አንድ ብቻ። ጠብታ ከቆመም በኋላ ኃይሉ ወዲያው አያልቅም፣ ላታኖፕሮስትም ቲሞሎልም ሙሉ በሙሉ እስኪወጡ ወደ አራት ሳምንት ይፈጃሉ። ስለዚህ በቆመ በሳምንቱ የተለካ ጥሩ ቁጥር የጠብታው ትርፍ ሊሆን ይችላል፤ ከአራት ሳምንት በኋላ ድጋሚ ለኩ። ሁልጊዜ በዚያው ቶኖሜትር፣ ከተቻለ በተመሳሳይ ሰዓት። ሆስፒታሉ በአይኬር (ሌላ ዓይነት ቶኖሜትር)፣ እናንተ በጎልድማን ለክታችሁ ሁለቱን አታወዳድሩ።

ካርዱ ላይ እንዲጻፍ የምፈልገው፦ ጠብታ ከመጀመሩ በፊት የነበረው ግፊት (ከተገኘ)፣ አሁን ያለው ከነሰዓቱ፣ ካፕ የሁለቱም ዓይን፣ የጠብታዎቹ ስምና የመጨረሻው የተደረገበት ቀን፣ አስም፣ የሰልፋ አለርጂ፣ ስቴሮይድ። የመጀመሪያው ቁጥር ብዙ ጊዜ ስለሚጠፋ ሌዘሩ ስንት ፐርሰንት እንደቀነሰ ማስላት ያቅተናል።

ማዶ ፋርማሲ፦

ጠብታ ለሚቀጥሉት አንድ የሒሳብ ነገር፣ «ሲያልቅባቸው ሳይገዙ ይቆያሉ» ስለተባለ። ባለ 5 ሚሊ ቲሞሎል በግምት 100 ጠብታ አለው። ሁለት ዓይን በቀን ሁለቴ 4 ጠብታ ነው፣ ስለዚህ ቢበዛ 25 ቀን። እጅ የሚንቀጠቀጥ ሰው ግማሹን ጉንጩ ላይ ያፈሰዋል፣ ያኔ ሁለት ሳምንትም አይሞላም። ቀጠሮ በየወሩ ከሆነ አንድ ብልቃጥ ማዘዝ በየወሩ ቢያንስ አምስት ቀን ያለ መድኃኒት እንዲቀመጡ ማዘዝ ነው። ባለ 2.5 ሚሊ ላታኖፕሮስት ለሁለት ዓይን ማታ ማታ 40 ቀን ገደማ ይሄዳል፤ ሳይከፈት ፍሪጅ ውስጥ፣ ከተከፈተ በኋላ ስድስት ሳምንት።

አንድ ጠብታ ይበቃል፣ ሁለተኛው ይፈሳል። ከጨመሩ በኋላ ዓይን ጨፍኖ የውስጠኛውን ጥግ በጣት ለሁለት ደቂቃ መጫን፤ ሁለት ዓይነት ካለ በመሃል አምስት ደቂቃ።

ነጭ መስመር፦

ስለ መድገም ያልተባለ ነገር አለ። መጀመሪያ በደንብ ወርዶላቸው ከዓመታት በኋላ ለተመለሰባቸው መድገም ጥሩ ነው። መጀመሪያውንም 20 ፐርሰንት ያልወረደላቸው ዓይኖች ላይ ግን ከመድገም በፊት ጎኒዮውን ሌላ ሐኪም ይየው። ማዕዘኑ ጠቦ ይሆናል፣ ወይም የተመታው ሳምፓኦሌሲ ነው። ሁለቱም ካልሆነ ቀጠሮው ለሌዘር ሳይሆን ለትራብ ይያዝ።

ኦፕቶ ወሎ፦

ገባኝ። የእናትየውን ቲሞሎል ዛሬ አስቁሜ ላታኖፕሮስት እንዲታዘዝላቸው ሐኪሙን አናግራለሁ፣ ወረቀቱም «ጎኒዮ ያልተደረገላቸው፣ አስም ያለባቸው» ተብሎ ይሄዳል። አባትየውን ነገ ጠዋት ሆስፒታሉ ስልክ ደውዬ ነው የምልካቸው።

ማዕዘን፦

አባትየው መንገድ ላይ ሳሉ ሦስቱንም ጠብታ ይዘው ይሁኑ፣ «ሐኪም ጋ ስሄድ መድኃኒት አላደርግም» የሚሉ አሉ። የግራ ዓይናቸውንም ቁጥር አልጻፉልንም፤ ነጭ ብናኝ አንድ ዓይን ላይ ጎልቶ ሌላው ላይ ተደብቆ ይቆያል፣ ብሌኑን አስፍታችሁ እዩት። ግን ግፊቱን ሳታሰፉ በፊት ለኩ።